«ይቅር ለእግዚአብሔር» ከማለት በፊትና በኋላ፦ ልብ የማይቀበለውን ሰው ይቅር ለማለት የሚረዳ መመሪያ

አባቴ በ2009 ዓ.ም. ባረፈ በሣልስቱ፣ ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ የአባቴ ታናሽ እህት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተቀምጣ «ልጆቹ በጊዜ ቢያሳክሙት ኖሮ ወንድሜ አይሞትም ነበር» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። እኔ ንፍሮ የሞላበት ትሪ ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ነበር።

ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። የሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሽማግሌዎች ገቡ፣ እሷ ቤት ተጠራሁ፣ «በሉ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ተዉት፤ ተሳሳሙ» ተባልን። ተሳሳምን። ወጥ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተመረቅን። ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ እንኳን አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል በእሷ በር ላለማለፍ ሁለት ታክሲ ይዤ ስዞር ኖርኩ። በየጠዋቱ አባታችን ሆይ እደግማለሁ፤ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይፈጥናል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የተባለው ስለ እኔ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹን አልወቅስም፤ በቅንነት ነው የደከሙት። ነገር ግን ተሳሳሙ አሉን እንጂ ማን ለማን ምን እንዳለበት የጠየቀ አልነበረም። ያልተቆጠረ ዕዳ ደግሞ አይሰረዝም። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ከንቱ ዕርቅ በኋላ፣ በንስሐ አባቴ ምክርና በብዙ መውደቅ መነሣት የተማርኩት መንገድ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመን ነኝና ምሳሌዎቼ ከዚያው ናቸው፤ የወንጌል አማኝ ወይም ካቶሊክ የሆነ ሰው በራሱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሊተካቸው ይችላል።

መጀመሪያ ለዩ፦ በድሏችኋል ወይስ ያሰለቻችኋል?

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ (3፥13) ትዕግሥትንና ይቅርታን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ «እርስ በርሳችሁ ትዕግሥትን አድርጉ» ይላል፣ «ይቅር ተባባሉ» ይላል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ወሬ የማያልቅበት የሥራ ባልደረባ፣ በየቤቱ ጉድለት የሚቆጥር አማች፣ በእድር ስብሰባ ሁልጊዜ የሚቃወም ጎረቤት አልበደሏችሁም፤ ከብደዋችኋል እንጂ። ለእነሱ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት ደግሞ ከውሳኔ ይልቅ ልክ ማወቅን ይጠይቃል፦ ምን ያህል አብሬው ብቀመጥ ሳልበሳጭ እነሣለሁ? ግማሽ ሰዓት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፣ በደኅና ተሰናበቱና ሂዱ። ያላጠፋን ሰው «ይቅር ብዬሃለሁ» ማለት ራሱ ስድብ ነው።

በደል ካለ ግን ቀጣዩን አንብቡ።

አንደኛ፦ ዕዳውን በወረቀት ላይ አስፍሩት

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና ሰውየው ያደረገውን ጻፉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ያደረገውን እንጂ ጠባዩን አትጻፉ። «ክፉ ናት»፣ «ከጥንትም ቀናተኛ ናት»፣ «ያ ዘር እንዲሁ ነው» የሚለው ሁሉ ይሰረዝ። ጠባይን ይቅር ማለት አይቻልም፤ ይቅር የሚባለው ድርጊት ነው።

እኔ መጀመሪያ ስጽፍ ሁለት ገጽ ሞላሁ። በማግስቱ በሕጉ መሠረት መሰረዝ ስጀምር የአክስቴ አነጋገር፣ አለባበስዋ፣ ለሰርጌ ያመጣችው ርካሽ ስጦታ ሳይቀር ተሰረዘና ሦስት መስመር ብቻ ተረፈ፦

በሣልስቱ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው እየሰማ፣ አባታችንን እንደገደልነው ተናገረች።
እስከ አርባው ድረስ ለአባቴ በወጉ አላለቀስኩም፤ ማን እንዳመናት ስቆጥር ከረምኩ።
እውነቱን ካወቀች በኋላም ቃሏን አላነሣችም።

ሁለተኛዋን መስመር እስክጽፋት ድረስ አላውቃትም ነበር። ከስድቡ ይልቅ ያቃጠለኝ የተወሰደብኝ ሐዘን ነው። እናንተም ስትጽፉ «ምን አደረገብኝ» ከሚለው ቀጥሎ «ምን ወሰደብኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ትክክለኛው ዕዳ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው። ወረቀቱን ማንም በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ሁለተኛ፦ ቁጣውን ወደሚችለው ውሰዱት

ክርስቲያን አይቆጣም የሚል ትምህርት ከየት እንደመጣ አላውቅም። የኤፌሶን መልእክት (4፥26) «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» ነው የሚለው፤ ቁጣውን ሳይሆን በቁጣው ላይ ፀሐይ መግባቷን ነው የከለከለው። ዳዊትም በእኛ አቆጣጠር በመዝሙር 54 «ጠላትስ ቢሰድበኝ በታገሥሁ ነበር» እያለ በቅርብ ወዳጁ መከዳቱን ያለ ምንም ይሉኝታ ለእግዚአብሔር ያወራል። ያንን መዝሙር በቀስታ ድገሙት። ቃል ሲያጥራችሁ የሱን ቃል ተዋሱ።

እዚህ ላይ አንድ ወቀሳ ልጨምር። በአገራችን ዳዊትን ጠላት ላይ መድገም እንደ ጥይት የሚቆጠርበት ልማድ አለ፤ መዝሙር 108ን አውጥቶ የሰው ስም እየጠሩ የሚደግሙ ሰዎች አውቃለሁ። ዳዊት ብሶቱን ለፈራጁ አቀረበ፤ ፍርዱን ግን በእጁ አልያዘም። ሳኦልን በዋሻ ውስጥ አግኝቶት የልብሱን ጫፍ ብቻ ነው የቆረጠው፤ ለዚያች ቁራጭ ጨርቅ እንኳን ልቡ መታው።

ከሰው ጋር ማውራት ካስፈለጋችሁ አንድ ሰው ምረጡ፤ አንድ ብቻ። በየቡናው ላይ የሚነገር በደል በየስኒው ይፋፋል።

ሦስተኛ፦ የራሳችሁን ሒሳብ አስታውሱ፣ የሌላውን ሳታሳንሱ

ጴጥሮስ «እስከ ሰባት ጊዜን?» ብሎ ሲጠይቅ ጌታ የነገረው ምሳሌ (ማቴዎስ 18) በስብከት ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግማሹ ነው። እልፍ መክሊት የነበረበት ባሪያ ዕዳው ተሰረዘለት፤ እሱ ግን መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀው። ሰባኪው «ለትንሽ ነገር!» ይላል። እስቲ እናስላው። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 20 እንደምናየው አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ስለዚህ መቶ ዲናር የመቶ ቀን ድካም፣ ከሦስት ወር በላይ ደመወዝ ነው። ለቀን ሠራተኛ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ጌታ «የበደሉህ ምንም አይደለም» አላለም፤ የመቶ ቀን ዕዳ መሆኑን አውቆ ነው የተናገረው።

በሌላው በኩል ያለው ግን ወደር የለውም። አንድ መክሊት ስድስት ሺህ ዲናር ያህል ስለነበር እልፍ መክሊት ስድሳ ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል። ያን የሚከፍል ዕድሜ የለም። ይቅር የሚል ሰው ከራሱ ኪስ እያወጣ አይደለም፤ ከተቀበለው ላይ ቆንጥሮ ነው የሚሰጠው።

የግብፁ ገዳማዊ ሙሴ ጸሊም፣ ሰኔ 24 የምናስበው፣ አንድ ጥፋተኛ መነኩሴ ላይ እንዲፈርድ ሲጠራ የተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ ይባላል (ውኃ የሚያንጠባጥብ ማሰሮ ነው የሚሉም አሉ)። ምንድን ነው ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፣ ይልቁንስ በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ሙሴ ቀድሞ ሽፍታ ነበር፤ የሚያወራውን ያውቃል።

ነገር ግን ተጠንቀቁ። ይህ ደረጃ «ምናልባት ጥፋቱ የኔ ይሆናል» ወደሚል ራስን መውቀስ እንዳይወስዳችሁ። እኔ አባቴን አሳክሜዋለሁ። ያ እውነት በየትኛውም ትሕትና አይለወጥም።

አራተኛ፦ በቃል ሰርዙት

አሁን ወረቀቱን አውጡ። ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ እያንዳንዱን መስመር አንብቡና «ይህን ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼዋለሁ፤ አልጠይቅበትም» በሉና በእስክሪብቶ ሰርዙ። የተዋችሁት ምን እንደሆነ እወቁ፦ ብድር የመመለስ መብታችሁን፣ ነገሩን በየአጋጣሚው እየመዘዙ የማስታወስ መብታችሁን፣ ስታለቅስ ወይም ስትዋረድ ለማየት የነበራችሁን ጉጉት። የመጨረሻው ነው የሚከብደው።

ልባችሁ ሳይሞቅ ይህን ማድረግ ግብዝነት አይደለም ወይ? ንስሐ አባቴን ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። «ልጄ፣ የሸጥሽውን ቤት ስትፈርሚ ልብሽ አይጠየቅም፤ እጅሽ ነው የሚጠየቀው። ለቅሶው ኋላ ይመጣል» አሉኝ። ስሜት ዘግይቶ የሚደርስ እንግዳ ነው፤ ፊርማው እሱን አይጠብቅም።

ከተቻለ ለንስሐ አባት፣ ለመጋቢ ወይም ለአንድ የጸሎት ወዳጅ «ዛሬ ትቼዋለሁ» ብላችሁ ንገሩ። ምስክር ያለው ስረዛ ሲደክማችሁ ይይዛችኋል። ድካሙ ደግሞ አይቀርም፤ ከሳምንት በኋላ ዕቃ ስታጥቡ ያው ድንኳን፣ ያው ድምፅ ይመጣል። ያን ጊዜ «ለካ ይቅር አላልኩም» አትበሉ። «ሰባ ጊዜ ሰባት» የሚለው፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ለአዲስ በደል ሳይሆን ተመልሶ ለሚመጣ ለአንድ በደል ነው። «ያን እኮ ሰርዤዋለሁ» በሉትና እጥበታችሁን ቀጥሉ።

አምስተኛ፦ ፍቅርን ከመጨረሻው ግስ ጀምሩ

ሉቃስ 6፥27-28 አራት ግሶች አሉት፦ ውደዱ፣ መልካም አድርጉ፣ መርቁ፣ ጸልዩ። ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው ጀምረን እዚያው ወድቀን እንቀራለን። ከኋላ ወደፊት ሂዱ።

ጸልዩ። የጎደላቸውን እንዲያርምላቸው አይደለም፤ ያ ክስ ነው። ስማቸውን ብቻ አንሡ። «እኛም የበደሉንን» ከሚለው ቃል በኋላ ቆም በሉና ስሙን ጥሩ። እኔ እዚህ ላይ አንድ ነገር ገጠመኝ። ስም በጸሎት የሚጠራው በክርስትና ስም ነው፤ የአክስቴን የክርስትና ስም አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ያወቅኋት፣ ስድስት ዓመት የተቀየምኳት ሴት፣ በእግዚአብሔር ፊት የምትጠራበትን ስም አላውቅም! ለልጇ ደወልኩ። ልጇ መጀመሪያ ዝም አለች። ኋላ «ወለተ ጊዮርጊስ» አለችኝና «ለምን ፈለግሽው?» ሳትል ስለ እናቷ ጉልበት ሕመም ታወራኝ ጀመር።

መርቁ። ምርቃት እኛ ዘንድ ሥጋና ደም አለው፤ በቃል የሚወጣ፣ እጅ የሚዘረጋበት ነገር ነው። ስማቸው በሰው መካከል ሲነሣ አንድ እውነተኛ በጎ ነገር ተናገሩ። ውሸት አትጨምሩ፤ ከሌለ «ዕድሜ ይስጣት» ይበቃል።

መልካም አድርጉ። ትንሽ፣ የማይታወቅ፣ ምላሽ የማይጠብቅ ነገር ይሁን። ትልቅ ስጦታ ይዞ መሄድ ያስፈራል፤ ተቀባዩንም ባለዕዳ ያደርገዋል። የታመመን መጠየቅ፣ የእድር መልእክት ማድረስ፣ በበዓል መደወል በቂ ነው።

«ውደዱ» የሚለው ከእነዚህ ሦስቱ በኋላ ምን እንደሚመስል እናንተው ታዩታላችሁ።

ስድስተኛ፦ መናገር ካለባችሁ ብቻችሁን ተናገሩ

ማቴዎስ 18፥15 ቅደም ተከተሉን ሰጥቶናል፦ መጀመሪያ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ»፣ ካልሆነ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ ካልሆነ ለቤተ ክርስቲያን። እኛ ከሦስተኛው እንጀምራለን፤ መላው ዘመድ ከሰማ በኋላ ነው ባለቤቱ የሚነገረው።

ሁሉም በደል ግን መነገር የለበትም። ሰውየው መበደሉን ጨርሶ የማያውቅ ከሆነና ነገሩ ዳግም የማይከሰት ከሆነ፣ ሄዶ «ይቅር ብዬሻለሁ» ማለት በይቅርታ ወረቀት የተጠቀለለ ወቀሳ ነው። ተዉት። ሰውየው ከሞተም ቅዳሴና ጸሎት አለ። የምትናገሩት ነገሩ የሚደጋገም ከሆነ ወይም ግንኙነቱ እንዲቃና ከፈለጋችሁ ነው።

ስትናገሩ ወረቀቱ ይርዳችሁ። ድርጊቱን፣ ቀጥሎ ያጎደለባችሁን፣ ቀጥሎ የምትፈልጉትን ንገሯቸው። እኔ የተናገርኩት ይህን ነው፦ «እታባ፣ በአባባ ሣልስት ድንኳን ውስጥ አላሳከሙትም ስትዪ ቆሜ እሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአባቴ ማልቀስ አቃተኝ። ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼዋለሁ፤ ግን እንደዚያ እንዳልነበረ እንድታውቂው እፈልጋለሁ።» «ሁልጊዜ» እና «መቼም» የሚሉትን ቃላት ቤታችሁ ትታችሁ ሂዱ።

መልሱ እንዳሰባችሁት አይሆንም። «እኔ? መቼ?» ይሏችኋል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አትከራከሩ። ይቅርታችሁ በእነሱ ማመን ላይ የተንጠለጠለ አይደለም፤ በአራተኛው ደረጃ አልቋል።

ሽማግሌ ካስፈለገ

ርስት፣ ገንዘብ ወይም ደም ያለበት ነገር በሁለት ሰው አያልቅም። ሽማግሌ ስትመርጡ ከሁለቱም ወገን የሚከበርና ከክርክሩ ምንም የማያተርፍ ሰው ፈልጉ፤ ሦስት ይበቃሉ። አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ጠይቋቸው፦ ሁለታችሁንም ለየብቻ እንዲሰሙ፣ ከመሳሳሙ በፊትም በደሉ በስሙ እንዲጠራ። በየገጠሩ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ደጃፍ የሚንበረከክበት ሥርዓት ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ክብደቱ ለሁሉም ይታያል፤ «አውርድ» የማለቱ ሥልጣንም የተበዳዩ ነው። ካሳ ካለ መጠኑና ቀኑ ይወሰን። «ተዉት በቃ» የሚል የቸኮለ ሽማግሌ ካጋጠማችሁ በትሕትና «አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ልናገርና ልተወው» ማለት ነውር አይደለም።

ይቅርታና አመኔታ አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ይቅርታ ከአንድ ወገን ይበቃል፤ ዕርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አመኔታ ደግሞ ጊዜና ማስረጃ ይፈልጋል። ዮሴፍን አስቡ። ወንድሞቹ ለእህል ግብፅ ሲወርዱ ያን ጊዜውኑ «እኔ ነኝ» አላለም። በብንያም ስልቻ ውስጥ የብር ጽዋውን አስደበቀና የራሔልን ልጅ እንደገና ጥለውት ይሄዱ እንደሆነ አየ። ይሁዳ «ስለ ብላቴናው እኔ ባሪያ ልሁን» ሲል ነው ዮሴፍ ያለቀሰውና ራሱን የገለጠው (ዘፍጥረት 44 እና 45)። ፈተናው ከጥላቻ አልመጣም፤ ሲያያቸው ዘወር ብሎ ያለቅስ ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስም በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት መጨረሻ ጥለውት ስለሄዱት ሰዎች «ይህንም አይቍጠርባቸው» ይላል። እዚያው አጠገብ ግን ስለ ናስ አንጥረኛው እስክንድሮስ «አንተም ደግሞ ከእርሱ ተጠበቅ» ብሎ ያስጠነቅቃል። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ምሕረትም አለ፣ ጥንቃቄም አለ።

ስለዚህ ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ቻይው፣ ይቅር በይው፣ ትዳርሽን አክብሪ» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ ክርስትና አይደለም፤ ማንም ይበለው ማን። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወንጀል ነው። ለፖሊስ ማመልከትና በልብ ይቅር ማለት አይጋጩም፤ ከቤት ወጥቶ በዘመድ ቤት ሆኖ ይቅር ማለትም ይቻላል። ገንዘባችሁን የበላ ሰው ይቅር ሊባል ይችላል፤ እንደገና ብድር ግን አይሰጠውም። ልጅን የነካ ሰው ይቅር ቢባል እንኳን ከልጆች ጋር ብቻውን አይቀመጥም።

ከዚያ በኋላ

ጳጉሜን ለዚህ ሥራ የተመቸች ወቅት ናት፤ ሰው ሁሉ ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት ላለመግባት ይጣደፋል፤ ስልክም በይቅርታ መልእክት ይሞላል። ግን ለመቶ ሰው በአንድ ጊዜ የተላከ «ያስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ» ማንንም አይመለከትም። ለአንድ ሰው፣ በስሙ ላኩት።

እኔ የምፈተነው በቅዳሴ ነው። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ሲል፣ እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም ተባባሉ ሲለን፣ ሁሉም በግራ በቀኝ እጅ ይነሣል። ቀድሞ እጅ የምነሣው በተቃራኒው ወገን ላሉት ብቻ ነበር። አሁን አክስቴ ወዳለችበት እዞራለሁ። አንዳንድ ቀን አታየኝም፤ አንዳንድ ቀን አይታ ዝም ትላለች።

ባለፈው ሁዳዴ ቅዳሴ ሲያበቃ ደጃፍ ላይ ጫማዋን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ጉልበቷ እንቢ አላት። ግድግዳውን ይዛ ቀረች። አንሥቼ እግሯ አጠገብ አስተካክዬ አስቀመጥኩላት። እግሯን እስክታስገባ ክንዷን ያዝኩ።

«ግራውን በቀኝ አድርገሽዋል» አለችኝ።

ልክ ነበረች። አቀያየርኩላት።